ባለ 3 ሜትር ሻፍትና ባለ 60 ሳንቲም ፑሌጃ በሳቢያን ሰርቪስ ቤት፦ የቤት ቶርኖ አደረጃጀት ላይ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው። ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ከዋናው ቤት ጀርባ 3.5 በ5 ሜትር የሆነ ሰርቪስ ቤት አለ፤ በሩ ያለው አጭሩ ግድግዳ ላይ ነው። ወደዚያ የሚገባው ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚልጥ ማሽን) በሁለት ሴንተር፣ ማለትም ዕቃውን ከሁለት ጫፍ በሚይዙት ሹል ብረቶች፣ መካከል 1 ሜትር ይይዛል፣ ቤዱ (አግዳሚ መሠረቱ) ላይ እስከ 400 ሚሊ ስፋት፣ ጋፑ (ከጭንቅላቱ አጠገብ ያለው ተነቃይ የቤዱ ቁራጭ) ሲነሳ 630 ሚሊ ያዞራል፣ የስፒንድሉ (ዕቃውን የሚያሽከረክረው ባለ ቀዳዳ ዘንግ) ቀዳዳ 52 ሚሊ ነው። አንድ ቋሚ ትራፓኖም (መብሻ ማሽን) አለ። መብራቱ ባለ አንድ ፌዝ ነው። ይመጣሉ የተባሉት ሥራዎች እስከ 3 ሜትር የሚደርሱ የኮንቬየርና የፓምፕ ሻፍቶች፣ የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪኖች የፍሬን ታምቡርና እስከ 60 ሳንቲም የሚሰፉ የወፍጮ ፑሌጃዎች ናቸው። «ማሽኖቹን የት የት ላስቀምጥ? ምንስ ልጨምር?»

የድሬ ሰው «እርስዎ» ማለት አያበዛምና አንተ እያልኩ ልቀጥል።

ማሽን ከማስገባትህ በፊት ጠመኔ ያዝና ወለሉ ላይ ሥራው የሚሄድበትን መንገድ ሳል። ሻፍቱ ከመኪና ወርዶ በየት ይገባል? የት ይነሳል? ሲታሰር የትኛው ጫፉ ወዴት ይወጣል? ሲያልቅስ ሳይዞር ይወጣል ወይስ መዞር አለበት? ብዙ ሰው ቶርኖውን ግድግዳ ጥግ አስጠግቶ ካስተከለ በኋላ ነው ይህን የሚያስበው፤ ያኔ የ3 ሜትር ዘንግ 5 ሜትር ክፍል ውስጥ አይዞርም። ትልቅ ሥራ በሚሠራበት ቤት ክፍሉን የሚያደራጀው ዕቃው ነው፤ ማሽኑ የሚቀመጠው በዕቃው መንገድ ላይ ነው።

ባንተ ክፍል ቶርኖው ከ5 ሜትሩ ግድግዳ ትይዩ ይሁን፣ የሞተሩና የማርሹ ጭንቅላት ወደ በሩ ይዙር፣ የስፒንድሉ መስመር ደግሞ በበሩ ክፍተት ውስጥ ይለፍ። ስሌቱን ተመልከት። የዚህ ዓይነት ቶርኖ ጠቅላላ ርዝመቱ ወደ 2 ሜትር ነው። በቴይልስቶክ (ከጭንቅላቱ ፊት ለፊት ሆኖ የዕቃውን ሌላ ጫፍ የሚደግፈው ክፍል) በኩል ለመሳብና ለመጥረግ 60 ሳንቲም ተው። በጭንቅላቱ በኩል 2.4 ሜትር ይተርፍሃል። ባለ 3 ሜትር ሻፍት በቀዳዳው ስታሳልፍ ጭንቅላቱና ቻኩ (ዕቃውን የሚጨብጠው ባለ መንጋጋ ክፍል) ወደ 55 ሳንቲም ይውጡታል፤ 10 ሳንቲም ብቻ ወደ ፊት ካወጣህ ከኋላ የሚቀረው 2.35 ሜትር ነው። ለጥቂት ይገባል ማለት ነው፤ በሩን ከፍተህ ከሠራህ ደግሞ ሰፊ ነው። የማርሹ ሽፋን ወደዚያው በኩል ስለሚከፈት እዚያ ቦታ መደርደሪያ አታቁም። ከቶርኖው ጀርባ እስከ ግድግዳው 50 ሳንቲም ተው፤ ቆሻሻው የሚጠራቀመውም ኤሌክትሪኩ የሚጠገነውም በዚያ ነው። የማሽኑን 90 ሳንቲም ጨምረህ ስትቆጥር 2.1 ሜትር ይቀርሃል፤ 60ውን ለጠረጴዛ ስጥ፣ የቀረው መተላለፊያና የሥራ ቦታህ ነው።

በሩና የስፒንድሉ መስመር አልገጥም ካሉ በስፒንድሉ ከፍታ ልክ የብሎኬቱን ግድግዳ ቀደህ 15 ሳንቲም የሚሰፋ ቱቦ አስቀምጥ። ቱቦው ወደ ግቢ የሚወጣ ከሆነ ግን ሻፍቱ በባዶ ግቢ እንዲሽከረከር በጭራሽ አትተወው። ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ነው። በሌላኛው በኩል እስከ ጫፉ የሚሸፍነው ወፍራም ቱቦ ከእግሩ ጋር መሬት ላይ ይታሰር።

ከቶርኖው ኋላ የሚወጣ ዘንግ አደጋው በጣም ይናቃል። 25 ሚሊ የሆነ የብረት ዘንግ 2.2 ሜትር ያህል ያለ ድጋፍ ከኋላ ቢወጣ ራሱን በራሱ የሚገርፍበት ፍጥነት ወደ 225 ዙር በደቂቃ አካባቢ ነው፤ 40 ሚሊ ቢሆን ወደ 360። ወደዚያ ፍጥነት ሲጠጋ ትንሽ መጣመም ይበቃዋል፤ ዘንጉ በአንድ ጊዜ 90 ዲግሪ ይታጠፍና በጉልበት እየዞረ ያገኘውን ይመታል። ማቆሚያውን ለመጫን እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ያልተደገፈውን ርዝመት በግማሽ ስትቀንሰው ይህ አደገኛ ፍጥነት አራት እጥፍ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ስለዚህ መፍትሔው ድጋፍ ነው። ሁለት ነገር ሥራ። አንደኛ፣ ስፒንድሉ በኋላ በኩል በሚያልቅበት ቦታ የሚታሰር ቀለበት አዘጋጅ፤ አራት ባለ 8 ሚሊ ብሎን በመስቀል ቅርጽ ይግቡበት፣ የብሎኖቹ ጫፍ ነሐስ ይሁን፤ ዘንጉን በእነሱ መሃል ላይ ታስረዋለህ። ሁለተኛ፣ ሁለት ወይም ሦስት መቆሚያ አዘጋጅ፤ እያንዳንዱ አናቱ ላይ ሁለት ኩሽኔታ በጎድጓዳ አቀማመጥ፣ ሦስተኛ ኩሽኔታ ደግሞ ዘንጉ እንዳይዘል ከላይ ይኑረው። ከፍታውን በባለ 20 ሚሊ ጥርስ ብሎን አስተካክል። መቆሚያዎቹን በየ60 እና 70 ሳንቲም አቁም፣ ወለሉ ላይ እሰራቸው። ይህም ተደርጎ ረጅም ዘንግን ከዝቅተኛ ፍጥነት ጀምረህ እያየህ ጨምር።

እስካሁን ያልነው ከ52 ሚሊ በታች ለሆነው ነው። የሚከብደው ወፍራሙና ረጅሙ ነው፤ ለምሳሌ 70 ሚሊ ውፍረትና 2 ሜትር ርዝመት ያለው። በቀዳዳው አያልፍም፣ በቤዱም ላይ አይበቃም። አንዱ መንገድ ቴይልስቶኩን አውልቆ፣ በዚያው መስመር ከቶርኖው ውጭ ወለሉ ላይ የተተከለ ሌላ ሴንተር ማቆም ነው። ይህ ካሬጁ (ስለታሙን ይዞ ቤዱ ላይ የሚሄደው ክፍል) ለሚደርስበት ለመጀመሪያው ሜትር ይሠራል፤ ቀሪውን አዙረህ ታስረዋለህ። ከቻኩ አጠገብ ያለው 10 ወይም 15 ሳንቲም ግን አይነካም፤ መገጣጠሚያው ጫፉ ላይ ከሆነ ይህ ዘዴ አይጠቅምህም። 60 ሳንቲም ብቻ በተውክበት ክፍል ይህን ለማድረግም በቴይልስቶክ በኩል ያለው ግድግዳ መቀደድ አለበት።

የውጭው ሴንተር ከመስመሩ 0.1 ሚሊ ቢወጣ 2 ሜትር ሻፍት ላይ ግማሽ ሜትር ስትቆርጥ ዲያሜትሩ 0.05 ሚሊ ይለያያል። ኩሽኔታ የሚገባበት ቦታ ላይ ይህ ከልክ በላይ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ በቀጭኑ ላጠው፣ በሁለት ቦታ ለካ፣ ሴንተሩን ገፋ አድርግ፣ ድገም። በዓይን የሚስተካከል ነገር የለም።

ወደ ሰፊው ሥራ እንለፍ። 630 የሚለው ቁጥር ብዙ ሰው ያታልላል። 60 ሳንቲም ፑሌጃ በዙሪያው 15 ሚሊ ብቻ ይተርፈዋል፤ ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የጋፑ ስፋት ነው። ከፌስፕሌቱ (በቻኩ ፋንታ ስፒንድሉ ላይ የሚገጠም፣ ሰፊ ዕቃ በብሎን የሚታሰርበት ሳህን) ፊት እስከ ቤዱ መጀመሪያ ድረስ ስንት እንደሆነ ሳትለካ ምንም ሥራ አትቀበል። የከባድ መኪና ታምቡር ውስጡ ከ400 እስከ 420 ሚሊ፣ ውጩ ከዚያ በላይ ነውና ቤዱ ላይ አይዞርም፤ ጋፑ ውስጥ የግድ መግባት አለበት፣ ጥልቀቱ ግን ከጋፑ ሊበልጥ ይችላል። ያኔ ታምቡሩ ቤዱን ይነካል። እንዲህ ከሆነ የታምቡር ሥራ ለዚህ ቶርኖ አይደለም ማለት ነው፤ ስታውቀው ይሻላል።

ጋፑን ማንሳትም እንደ ቀላል አይታይ። ብሎኖቹን ከመፍታትህ በፊት መስመሩ ላይ ምልክት አድርግ፣ ማስተካከያ ፒኖቹን መጀመሪያ አውጣ። ስትመልሰው ሁለቱም ፊቶች በቤንዚን ታጥበው በእጅህ ዳብሰህ ይግጠሙ፤ አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ከሥር ብትቀር ካሬጁ እዚያ ሲደርስ ይነሳል፣ ሥራህ ላይ ሁልጊዜ በዚያው ቦታ እርከን ይወጣል። የወር ሥራህን አጠራቅመህ አንድ ጊዜ ብታነሳው ይሻላል። ጋፑ ሲነሳ ካሬጁ ከፊት በኩል የሚደገፍበት ያጣል፤ ስለታሙን የሚይዘው ዘንግም ይረዝማል። ቢያንስ 25 በ25 የሆነ ዘንግ ተጠቀም፣ ማጠናቀቂያው ላይ ከግማሽ ሚሊ በላይ አትብላ።

ፍጥነቱን በዚህ ቀመር አስላ፦ 318 በመቁረጫ ፍጥነት (በደቂቃ ስንት ሜትር) ተባዝቶ ለዲያሜትር በሚሊ ይካፈላል። የ60 ሳንቲም የቅልጥ ብረት (ጊዛ) ፑሌጃ በተራ የብረት ስለታም በደቂቃ 18 ሜትር ብትቆርጠው 9.5 ዙር ይወጣል። እንዲህ የሚዘገይ ቶርኖ የለህም። በካርባይድ (ይበልጥ ጠንካራ በሆነው ስለታም) በ60 ሜትር 32 ዙር ነው። 420 ሚሊ ታምቡር በዚሁ 45 ዙር ይሆናል። ስለዚህ ለትልቅ ሥራ ካርባይድ ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው። ቅልጥ ብረት ከላይ ጠንካራ አሸዋማ ቆዳ አለው፤ የመጀመሪያውን ቁርጥ 1.5 ወይም 2 ሚሊ አስገብተህ ከቆዳው ሥር ሂድ። ቆዳውን እየፋቀ የሚሄድ ስለታም አንድ ቁርጥ ሳይጨርስ ይሞታል። ቅልጥ ብረት የሚቆረጠው በደረቁ ነው፤ ብናኙ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ለቤዱ እንደ ሞረድ ነው፣ ስለዚህ ከመጀመርህ በፊት የቤዱን ዘይት ጠርገህ በወረቀት ሸፍነው፣ ስትጨርስ በብሩሽ ጥረግ እንጂ በአየር አትንፋ።

ታምቡር ውጩን በቻክ ተይዞ አይላጥም። መኪናው ላይ መሃሉን የሚይዘው የሃብ ቀዳዳ ነውና ቶርኖውም ላይ እዚያው መያዝ አለበት። ለአንድ ዓይነት ታምቡር አንድ የማሰሪያ ሳህን ላጥና ፌስፕሌቱ ላይ በብሎን እሰር፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ታምቡር በአምስት ደቂቃ ይታሰራል። ማዛባቱን በዲያል ጌጅ (ጥቃቅን ልዩነት በሚያሳይ ባለ መርፌ መለኪያ) እይ፣ ከ0.05 ሚሊ ይነስ። ሲቆረጥ ከጮኸና ፊቱ ላይ ሞገድ ካወጣ፣ ዙሪያውን የጎማ ከመነዳሪ አጥብቀህ ጠምጥም፤ ጩኸቱ ወዲያው ይሞታል። ታምቡሩ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ዲያሜትር ሳታይ ደግሞ አትጀምር፤ ከዚያ ካለፈ ቢላጥም ለመንገድ አይሆንም፣ በተለይ ቁልቁለት ለሚወርድ ጭነት መኪና።

ሚዛኑን ያልጠበቀ ዕቃ ፌስፕሌት ላይ ሲታሰር በተቃራኒው በኩል ክብደት ጨምር። ለምን እንደሆነ በቁጥር እይ፦ ከመሃል 20 ሳንቲም ርቆ 5 ኪሎ ትርፍ ቢኖር በ60 ዙር ወደ 4 ኪሎ ያህል ይጎትታል፣ በ200 ዙር ግን ወደ 45 ኪሎ። ማርሹን ነፃ አድርገህ በእጅህ አዙረው፤ ሁልጊዜ በአንድ ጎኑ የሚቆም ከሆነ ሚዛኑ ገና ነው።

ይህን ሁሉ ማን ያነሳዋል? ክብደቱን ገምት፦ የክብ ብረት ዘንግ በሜትር የሚመዝነው ዲያሜትሩ በሚሊ በራሱ ተባዝቶ በ0.00617 ሲባዛ ነው። 70 ሚሊ ሻፍት በሜትር 30 ኪሎ፣ 2 ሜትሩ 60 ኪሎ። የከባድ መኪና ታምቡር ወደ 50 ኪሎ ይሆናል። የአንድን ሰው ወገብ ለመጉዳት ይበቃል፣ ለቤዱም አደጋ ነው፤ ከእጅ ያመለጠ ታምቡር የሚያርፈው እዚያ ነውና። ፓራንኮ (በሰንሰለት ከባድ ዕቃ የሚያነሳ መሣሪያ) ያስፈልግሃል። ከጣሪያው ግን አትስቀል። የቆርቆሮ ጣሪያ የሚሸከም የባሕር ዛፍ አጣና ወይም ስስ ቱቦላሬ ለጣሪያው እንጂ ለሌላ ክብደት አልተሠራም። የብሎኬት ግድግዳ ላይ የሚታሰር የሚዞር ክንድም ብሎኖቹን ይዞ ይወጣል። በራሱ እግር የሚቆም ፈረስ ሥራ፦ 12 ሳንቲም ቁመት ያለው አይ ቢም፣ 3 ሜትር ርዝመት፣ በሁለቱም ጫፍ እግሩን የከፈተ ባለ 80 በ80 ቱቦላሬ፣ ግድግዳው 4 ሚሊ። 300 ኪሎ መሃሉ ላይ ቢንጠለጠል ቢሙ ወደ 2.5 ሚሊ ብቻ ይወርዳል። በክፍሉ ስፋት አቅጣጫ በቻኩ አናት ላይ ይቁም፤ ዕቃው ከመተላለፊያው ተነስቶ በቀጥታ ወደ ቻኩ ይሄዳል። እግሮቹን ወለሉ ላይ በብሎን እሰር። ለማንጠልጠያ የጨርቅ ቀበቶ እንጂ ሰንሰለት አትጠቀም፤ የተላጠ ፊት ላይ ሰንሰለት ጠባሳ ይተዋል። ቤዱ ላይ የሚቀመጥ፣ መሃሉ የተጎደጎደ የእንጨት ድጋፍ በሻፍቱ ልክ ካዘጋጀህ ደግሞ ቻኩን ስታጠብቅ ዕቃውን በእጅህ መያዝ አይኖርብህም።

ትራፓኖው ቀላል ነው። ከጥግ አውጣውና ሁለቱ ጎኖቹ ክፍት ይሁኑ። ጠረጴዛው ወደ ጎን ስለሚዞር ረጅም ዕቃ በቀጥታ መሠረቱ ላይ ይታሰራል። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አዙረህ ወለል ላይ የቆመ ዕቃ መብሳትም ይቻላል፤ መሠረቱ ወለሉ ላይ ካልታሰረ ግን ይገለበጣል። የትራፓኖው ጠረጴዛና የሥራ ጠረጴዛህ ቁመት እኩል ከሆነ ረጅም ብረት በሁለቱ ላይ ይተኛል። ጨርሶ የማይገባ ዕቃ ሲመጣ ዕቃውን ወደ ማሽኑ ሳይሆን ማሽኑን ወደ ዕቃው ውሰድ፤ ባለ ማግኔት ትራፓኖ ግቢ ውስጥ በቆመ ሻሲ ላይ ይበሳል። የሚጣበቅበት ብረት ግን ቢያንስ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ይወፍር፤ ስስ ላሜራ ላይ ይለቃል። መብራት ሲሄድ ማግኔቱ ስለሚለቅ በሰንሰለት ይታሰር።

ወለሉ 15 ወይም 20 ሳንቲም ኮንክሪት፣ 1 ለ2 ለ3 (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር)፣ ባለ 10 ፌሮ በየ20 ሳንቲሙ። በድሬ ሙቀት ኮንክሪት ቶሎ ደርቆ ይሰነጠቃልና ቢያንስ ሳምንቱን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣው፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው፤ ማሽኑን ከ28 ቀን በፊት አትትከል። ቤትህ ወደ ደቻቱ ወይም ወደ ሌላ ሸለቆ የተጠጋ ከሆነ የማሽኑን መሠረት ከወለሉ ከፍ አድርገው፤ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የመጣውን ጎርፍ ከተማው አይረሳውም። ማሽኑን የምታስተካክልበት ውሃ ልክ የግንበኛ ሳይሆን 0.02 ሚሊ በሜትር የሚያሳይ ይሁን። ከአንድ ወር በኋላ ድገመው። ቤዱ መጣመሙን ለማወቅ ወፍራም ዘንግ ያለ ቴይልስቶክ ያዝ፣ 15 ሳንቲም በተራራቁ ሁለት ቦታዎች በአንድ ቁርጥ ላጥ፣ ለካ፤ ልዩነት ካለ እግሩን አስተካክል።

መብራቱን በተመለከተ፣ መጀመሪያ የሞተሩን ሰሌዳ አንብብ። 220/380 የሚል ከሆነ ባለ አንድ ፌዝ 220 የሚቀበል ኢንቨርተር (መብራቱን ወደ ሦስት ፌዝ የሚቀይርና የሞተሩን ፍጥነት የሚያስተካክል መሣሪያ) ገዝተህ ሞተሩን በዴልታ (የሞተሩን ሦስት ጥቅልሎች በሦስት ማዕዘን በማገናኘት) ታስረዋለህ። 380/660 ከሆነ ይህ መንገድ አይሠራም። ለ3 ኪሎዋት ሞተር የ4 ወይም 5.5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ውሰድ፣ ከቆጣሪው የራሱ 4 ካሬ ሽቦ ይምጣለት። ለትልቅ ሥራ ዝግታ ስትፈልግ ግን በኢንቨርተሩ ብቻ ወደ 10 ኸርዝ አትውረድ፤ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ከሞተሩ ጋር ስለሚዘገይ፣ በተለይ በእኛ ሙቀት፣ ይቃጠላል። ዝግታውን ከማርሹ ውሰድ፣ ኢንቨርተሩን ከ25 ኸርዝ በላይ አቆየው።

ሙቀትን ካነሳን ልኬትም ላይ ነው ችግሩ። ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ በሜትር 0.012 ሚሊ ያህል ይረዝማል። ፀሐይ ላይ የዋለ 420 ሚሊ ታምቡር ከመለኪያህ 20 ዲግሪ ቢበልጥ 0.1 ሚሊ አሳስተህ ትለካለህ። ዕቃው ማታ ክፍሉ ውስጥ ይደር፣ የመጨረሻው ቁርጥና ልኬት ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ከተማው በሚያርፍበት ጊዜ ሻካራውን ቁርጥ ብቻ ሥራ። ረጅም ሻፍት ደግሞ እየተቆረጠ ይሞቃል፤ 1 ሜትሩ 30 ዲግሪ ቢጨምር 0.36 ሚሊ ይረዝምና ሴንተሩ ላይ ተገፍቶ ይጎብጣል። በየቁርጡ ቴይልስቶኩን ላላ አድርገህ መልሰህ አጥብቅ።

አንድ ነገር ቤት ውስጥ ስለምትሠራ ልጨምር፦ ሽርጥ አገልድመህ ቶርኖ አታስነሳ። ጓንትም እንዲሁ።

ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ ጀምሮ ድሬዳዋ በወርክሾፕ ዙሪያ ያደገች ከተማ ናት፤ ትልቅ ቶርኖ ያለው ሰው አይጠፋም። ከ52 ሚሊ የወፈረ፣ ከ1 ሜትር የረዘመና ጫፉ ላይ የኩሽኔታ ቦታ ያለው ሻፍት ሲመጣ ወደዚያ ላክ፤ የቁልፍ ቦይ (ፑሌጃና ሻፍት የሚቆላለፉበት ጎድጓዳ) መቁረጡን፣ መበሳቱንና ፑሌጃውን ማዘጋጀቱን አንተ ያዝ። መግዛት ያለብህን በቅደም ተከተል ካልክ፣ መጀመሪያ ሞተሩ የሚፈልገው ከሆነ ኢንቨርተሩ፣ ከዚያ ፓራንኮውና ፈረሱ፣ ከዚያ የዘንግ መቆሚያዎቹ፣ ከዚያ ስቴዲ ሬስቱ (ቤዱ ላይ ታስሮ ረጅም ዕቃን መሃሉ ላይ የሚደግፈው)። ባለ ማግኔቱ ትራፓኖ ሥራው ራሱ ሲያስገድድህ ይደርሳል።